የመጨረሻው ቀዳዳ

እኔ በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ሙሉ ጂፕ ጨርሼ መንገድ ላይ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ይሄን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። እነሱ በዘጠኝ ዓመታቸው አፍንጫቸውን እንኳ በቅጡ ጠርገው አልጨረሱም። ትልልቅ ሰዎች አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሲታገሉት የከረሙትን መኪና እኔ በአምስት ቀን፣ በአንዲት ስፓቱላ፣ በጠፍጣፋ መለጠፊያ ብረት ማለት ነው፣ ያለማንም እርዳታ ደምድሜዋለሁ። ከትምህርት ጋር ስምንተኛ ክፍል ላይ ተለያይተናል፤ አጻጻፌ ላይ ግድፈት ካገኛችሁ እለፉት። ስለ ጂፑ ግን አንድም ቃል አልዋሸሁም።

ጂፑ የአያቴ ነበር። አባባ ለመንገድ ቀያሾች መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት ነድተውታል። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እሱም አብሯቸው ወጣ፤ መሥሪያ ቤቱ ከመጋዘን ጀርባ ጥሎት ስንት ክረምት ዝናብ ወረደበት፣ በመጨረሻ «ከፈለጉት ይውሰዱት» አሏቸው። በሌላ መኪና ተጭኖ ግቢያችን የገባ ቀን እናቴ የስፌት መኪናዋን አቁማ ወደ በረንዳው ወጣች። እናቴ የአባባ ልጅ ናት፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኔና እሷ የምንኖረው እሳቸው ቤት ነበር።

«ይሄ መኪና ነው ወይስ የመኪና አፅም?» አለች።

«ከአፅሙ ነዋ የሚጀመረው» አሉ አባባ።

ሥራውን የያዘው ጋሽ መዶሻ ነው። ላሜራ ሠራተኛ ነው፤ የተጨራመተ የመኪና ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፣ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ይበይዳል። እውነተኛ ስሙን ሰፈሩ ረስቶታል፤ ሚስቱም የምታስታውሰው አይመስለኝም። እኔን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን «ዳዶ» አለኝ። ዳዶ ቡሎኑን የምትይዘው ትንሿ ብረት ናት። እኔ እንደ ሹመት ነው የተቀበልኩት። ዳዶ ከሥር ገብታ የምትጠፋ፣ ስትፈለግም የማትገኝ ነገር መሆኗን ያወቅኩት ኋላ ነው።

የላይኛውን አካል አንስተው በርሜሎች ላይ አስቀመጡትና ሻንሲው ብቻውን ቀረ። ሻንሲ ማለት መኪናው በሙሉ የሚቀመጥበት የብረት ወገብ ነው። ጋሽ መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ መዶሻ እያንኳኳ ይሄዳል፣ እኔ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጥፌ እከተላለሁ።

«ምን ትላለች?» ይለኛል።

«ጮኸች።»

«ጤነኛ ናት። ይቺስ?»

«አሳለች።»

«ሳል ካለባት ትቆረጣለች።»

ሳል ያለበት ብዙ ነበር። ዝገቱ እንደ ደረቀ ቅጠል በእጅ ይላጣል። ሁለቱን መስቀለኛ ብረቶች ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ጣላቸው፤ በምትካቸው አዲስ በየደ፤ እኔ በሽቦ ብሩሽ ስፈገፍግ እጄ ቡናማ ሆኖ ይውላል፤ እናቴም ማታ በሳሙና ስታሸኝ «ሴት ልጅ ወለድኩ ብዬ ነበር» ትላለች። በሦስተኛው ወር ሻንሲው ፀረ ዝገት ተቀብቶ አለቀ። ሞተሩን ሌላ መካኒክ መጥቶ በሳምንት አስነሳው። የቀረው የላይኛው አካል ብቻ ነበር፤ በሮቹ፣ ወለሉ፣ ከጎማው በላይ ያሉት ክንፎች፣ ፓራፋንጎ የሚባሉት። እዚያ ላይ ነው ሥራው አልንቀሳቀስ ያለው።

አባባ ከሰዓት በኋላ ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አይጠፉም። እዚያ የሚቀመጡት ሁሉም ጡረተኞች ናቸው፤ አንዱ የባቡር ሠራተኛ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ ጸሐፊ የነበረ። ሥራቸው አላፊ አግዳሚውን መተቸት ነው።

«ሹፌሩ፣ መኪናህ መቼ ነው የምትወጣው?» ይሏቸዋል።

«ቀዳዳ ያለበት መኪና ይዤ አልወጣም» ይላሉ አባባ። «የመጨረሻው ቀዳዳ በተደፈነ ማግስት ግን ራሴ ነድቼ ድልድዩ ድረስ ደርሼ እመለሳለሁ።»

«እስከዚያ ድልድዩ ይፈርሳል።»

«ይፍረስ። እኔ ደርሼ እመለሳለሁ እንጂ ማዶ አልሻገር።»

ይስቃሉ። እኔ አልስቅም ነበር። አባባ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው መሆናቸውን እንዴት አያውቁም እያልኩ እናደድ ነበር።

አባባ በእኔ ዓይን ከሰው ሁሉ ይለዩ ነበር። በር ላይ የተሰቀለውን ካፖርት «እንደምን አደርክ» ይሉታል፤ እኔን ለማሳቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ጂፑ ውስጥ ገብተው ሞተሩን ያስነሱና እኔን ጎናቸው አስቀምጠው የነዳጁን፣ የሙቀቱን፣ የዘይቱን መለኪያ ጮክ ብዬ እንዳነብ ያደርጉኛል፤ ንባብ እንድለምድ ነው። ቆርቆሮውን በዓይናቸው አያዩትም፤ በጣታቸው ነው የሚመረምሩት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብለው፣ አንገታቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው። ትልቅ ባለሙያ እንደዚህ ነው የሚያየው ብዬ እኔም ደብተሬን በጣቴ ሳነብ አስተማሪዋ በማስመሪያ መትታኛለች።

የሐኪሙ ወረቀት ዛሬም እናቴ መሳቢያ ውስጥ አለ። ቀኑን አይቼዋለሁ። ያኔ የግራ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ በቀኙ የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው።

ወደ ቀዳዳው ልመለስ። ጋሽ መዶሻ ዛሬ ሦስት ይደፍናል፣ ነገ ሁለት አዲስ ይገኛል። አባባ ናቸው የሚያገኙት። ጣታቸውን ያሳርፉና «ኑ ጉድ እዩ! ሌላ ወጣ!» ብለው ይጣራሉ። ድምፃቸው ላይ ኀዘን አልነበረም፤ እኔ ጀግንነት ነው ብዬ ነበር። ዝገት እንደ አይጥ ሌሊት እየወጣ የሚበላ እንስሳ ነው ብዬ አምኜ የአይጥ ወጥመድ ከጎማው ሥር ሁለት ጊዜ አስቀምጫለሁ። አንዴ የአባባ ጫማ ተያዘ።

ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ከተበላ በኋላ፣ አባባ ወደ አግዳሚያቸው ሄደዋል፣ እኔ ጂፑ ሥር ተኝቼ ጥላው ውስጥ እየተናፈስኩ ነው። የጋሽ መዶሻ እግሮች መጡ። አንድ ሹል ብረት ፓራፋንጎው ላይ አሳረፈና በመዶሻ መታው። ቆርቆሮው ጮኸ። ጤነኛ ነበር። ደግሞ መታው። ሦስተኛው ላይ የብርሃን ነጠብጣብ አፍንጫዬ አጠገብ መሬት ላይ ወደቀ። ከዚያ ጨው በተበጠበጠበት ውሃ ጨርቅ ነክሮ የቀዳዳውን ጠርዝ አሸው። ጨው ያለበት ብረት በአንድ ሌሊት እንደሚዝግ ያስተማረኝ ራሱ ነው።

«ጨረስክ?» አለች እናቴ ከበረንዳው።

«ጨረስኩ። በገዛ ሥራዬ ላይ እጄ አልታዘዝ እያለኝ ነው እንጂ።»

«እስከ ክረምት ብቻ አድርሰው። ክረምት ከገባ በኋላ በጭቃው ያመካኛሉ። ካለቀ ምን እንደሚመጣ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።»

«እኔማ ምን ቸገረኝ። እየበላሁ እየጠጣሁ ነው።»

እኔ ከሥር ሆኜ ሁሉንም ነገር ተረዳሁት። መኪናው ካለቀ ጋሽ መዶሻ ከእኛ ቤት ምሳ ይቀርበታል። እናቴ ደግሞ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ መኪናው ካለቀ እሱ ይሄድባታል። በሁለቱ መሀል የሚሰቃዩት አባባ ናቸው።  ለነገሩ ጋሽ መዶሻ ያኔም ሚስትና አራት ልጆች ነበሩት። እናቴን በቅርቡ ይሄን ስነግራት የስፌት መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «ያ እግሩ የሚሸተው?» ብላ ነው የሳቀችው።

ዕድል ከእኔ ጋር ነበር። በዚያው ሰሞን ጋሽ መዶሻ የወንድሙን ቤት ሥራ ሊያግዝ ለሳምንት ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ዕቃውን ግቢያችን ትቶት ነው የሄደው። ቀዳዳዎቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት።

በያጅ አልነበርኩም። ስቱኮ ግን አውቃለሁ፤ የቆርቆሮ ስንጥቅ የሚሞላበት ሊጥ ነው፤ ማድረቂያው በትንሿ ቱቦ ለብቻው ይመጣል፣ ሁለቱን ደባልቀህ ሳይደርቅ መለጠፍ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማድረቂያ አብዝቼ ስፓቱላው ከጣውላው ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ በድንጋይ ፈልቅቄ አወጣሁት። በሁለተኛው ቀን ስቱኮው በቀዳዳው አልፎ ወደ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ። አሰብኩ። ከእናቴ የስፌት ጠረጴዛ ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ በጆንያ ሙሉ አለ። አበባ ያለበትን፣ ባለ መስመሩን፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊውን እያድበለበልኩ በየቀዳዳው ጠቀጠቅኩ፤ ላዩን በስቱኮ ዘጋሁ። ሲደርቅ በውሃ በነከርኩት ሸካራ ወረቀት አሸሁት። ከዚያ ግራጫውን መሠረት ቀለም ቀባሁ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ አባባ አግዳሚያቸው ላይ፣ እናቴ መርፌዋ ላይ እያሉ ነው ይሄ ሁሉ የሆነው። «ምንድን ነው የሚሸተው?» ስትለኝ «የእጅ ሥራ ሙጫ» አልኳት። ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት አባባን ከአግዳሚው እጃቸውን ጎትቼ አመጣኋቸው።

«ይፈልጉ» አልኳቸው። «አንድ ቀዳዳ ካገኙ አንገቴን ይቁረጡ።»

ከፊተኛው ፓራፋንጎ ጀመሩ። ጣታቸው ወረደ፣ ተመለሰ፣ በሩ ላይ አለፈ፣ በወለሉ ዞረ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። እንኳን ሊጮህ አላሳለም፤ እንደ ትራስ ዝም አለ።

«የማን ሥራ ነው?»

«የእኔ! ብቻዬን!»

እጃቸውን ከቆርቆሮው ላይ አላነሱም። ደስታው ንግግር የነሳቸው መሰለኝ።

«ለማን ለማን ነገርሽ?»

«ለሁሉም! ለጡረተኞቹ፣ ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ። አባባ ነገ ጠዋት ድልድዩን ደርሰው ይመለሳሉ ብያለሁ። ሴትዮዋ አላምንም ስትለኝ ተወራረድኩ።»

«ለእናትሽስ?»

«ለእሷ አልነገርኩም።»

«ጎበዝ» አሉ፤ ቀስ ብለው። እኔ ስለ ፓራፋንጎው ያመሰገኑኝ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ነው። እናቴ የተሰፉ ዩኒፎርሞች ልታደርስ በጠዋት ወጣች። አባባ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሱ፤ አዝራሩ አንድ ቀዳዳ ዘሎ ነበር፤ እኔ አስተካከልኩላቸው። ጂፑ ውስጥ ስንገባ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩ።

«አንቺ ዛሬ ረዳቴ ነሽ» አሉኝ። «የቀያሽ ረዳት ምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?»

«እርምጃ ይቆጥራል።»

«ይቆጥራል፣ ይጣራል። ያየሽውን ሁሉ፣ ግራ ቀኙን፣ በስንት እርምጃ እንደሆነ። አንድም ሳታስቀሪ። ዝም እንዳትዪ።»

«ፈተና ነው?»

«ፈተና ነው።»

በአንደኛ ማርሽ ወጣን። «በር በግራ ሁለት እርምጃ! አህያ በቀኝ፣ አሥር እርምጃ፣ ቆማለች! ሴትዮ ጃንጥላ ይዛ፣ ስምንት፣ ወደ ዳር ወጥታለች!» እያልኩ እጮኻለሁ፤ አባባ መሪውን በትንሽ በትንሹ ያዞራሉ፤ ሸሚዛቸው ከጀርባ ረጥቧል። አግዳሚው ጋ ስንደርስ ጡረተኞቹ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ የተላጨ ሰውዬ ትቶ ወጣ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ በሯ ላይ ነበረች፤ ምላሴን አወጣሁባት። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት ከዚያ በኋላ በምንም ነገር አግኝቼው አላውቅም።

ከኩርባው በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ነው። ጂፑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከበስተቀኝ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁና አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ስቱኮዬ እየተሰነጠቀ ነው። አንዱ እንደ ብስኩት ተቆርሶ ወደቀ። ከኋላው አበባ ያለበት ጨርቅ ብቅ አለ፤ ከዚያ ሰማያዊው፤ ከዚያ ባለ መስመሩ። ነፋሱ ሳባቸው። የእናቴ ቁርጥራጭ ጨርቆች በየቀዳዳው እየተውለበለቡ፣ እየተነቀሉ፣ መንገድ ዳር ሲበተኑ በመስኮት ተንጠልጥዬ አያለሁ። ሥራዬ! ያ ሁሉ ሥራዬ!

«ቀጥሎስ?» አሉ አባባ።

አንዱን ጨርቅ ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ።

«ቀጥሎስ፣ ዳዶ?»

ዝም አልኩ። ወደ ኋላ ነበር የማየው።

ፍሬኑን በሙሉ እግራቸው ረገጡት። ግንባሬ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ተላተመ። ሞተሩ ተንፈራፍሮ ጠፋ። ዞር ስል ከፊታችን፣ በአምስት እርምጃ፣ ለቅዳሜ ሽርሽር የወጡ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች አንድ ረጅም ገመድ ይዘው መንገዱን እየተሻገሩ ነበር። ሞግዚታቸው እጇን ዘርግታ ቆማ ታየናለች።

«ምን አለ ፊት ለፊት?» አሉ አባባ።

«ልጆች።»

«ስንት?»

ቆጠርኩ። «አሥራ አንድ።»

«በስንት እርምጃ?»

«በአምስት።»

ቁልፉን አወጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። 

«ሄደሽ እናትሽን ጥሪ» አሉ።

እናቴን ዩኒፎርሞቹን አድርሳ ስትመለስ አገኘኋት፤ ስንደርስ ከጂፑ ኋላ ሦስት መኪና ጥሩንባ እየነፋ ነበር፤ ጡረተኞቹም ተከትለው መጥተዋል። አባባ ከወንበሩ አልወረዱም። «ነዳጅ አለቀብኝ» አሉ፣ ወደ ማንም ሳያዩ።

«ነዳጅማ ከሆነ ይገፋል» አለ የባቡር ሠራተኛ የነበረው፤ ኮቱን አውልቆ።

«ኧረ ሙሉ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ጠዋት እኔ ነኝ ያነበብኩት፣ ሙሉ ነው!»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ሳምንት ቆየ። መምህር የነበረው ሰውዬ ደግሞ ጎንበስ ብሎ «አንቺ ልጅ፣ አልቋል ከተባለ አልቋል» አለኝ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጂፑን እስከ ግቢያችን ገፉት። አባባ መሪውን ይዘው፣ እናቴ በመስኮቱ በኩል እጇን አስገብታ ቀስ እያለች ስታስተካክል።  ነዳጅ አልቆ አያውቅ ይመስል ሁሉም ስለ ነዳጅ ብቻ ሲያወሩ ዋሉ። ውሸታሞች ናቸው ብዬ ነበር የተኛሁት።

ጋሽ መዶሻ ሲመለስ የቀሩትን ጨርቆች በመቆንጠጫ እየሳበ አወጣ፤ ሁሉንም ቀዳዳ በሁለት ቀን በእውነተኛ ላሜራ ዘጋ። ሁለት ቀን ብቻ። ጂፑን አባባ ለጤና ጣቢያው ሰጡት። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ኖሩ፤ አግዳሚያቸው ላይ እየተቀመጡ፣ እየሳቁ፣ ስለ ድልድዩ ማንም ሳያነሳባቸው። አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት።

ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጋሽ መዶሻ ጋ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት የአንድ ፒካፕ በር እየገጠምን ነበር። እኔ በሩን ተሸክሜ፣ እሱ ማጠፊያውን ያጠብቃል። አሥር ዓመት የያዝኩትን ነገር የማወራበት ሰዓት መስሎ ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ ያኔ ቀዳዳ ስትበሳ አይቼሃለሁ።»

«አውቃለሁ። እግርሽ ከመኪናው ሥር ወጥቶ ነበር።»

«እናቴ እንዳዘዘችህም ሰምቻለሁ።»

«እናትሽ ከሰዓት ነበር የምታዘኝ» አለ፤ ቀና ሳይል። «የጠዋቱ የአያትሽ ነው።»

በሩ ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር። «የአባባ?»

«ጣታቸውን ያስቀምጡና 'እዚህ ጋ አንድ ብሳልኝ፣ ልጄ እንዳትሰማ' ይሉኛል። እሷ ደግሞ 'አባቴ እንዳይሰሙ' ትለኛለች። አንዱን መኪና ለሁለት ሰው እየበሳሁ ነው የከረምኩት። ምን ላድርግ፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነስተው መቀመጥ ነበር የቀረቻቸው።»

«ታዲያ ስደፍነው ለምን አልተቆጡኝም?»

«ምን ብለው ይቆጡሽ? ሰፈሩን በሙሉ ጠርተሽባቸው!»

ትንሽ አሰብኩ። ብዙም አልቆየሁም፤ እኔ ኀዘን ላይ ብዙ አልቆይም።

«እንግዲያው» አልኩት አገጬን ቀና አድርጌ፣ «ከሁላችሁ መሀል መኪናው እንዲያልቅ ከልቧ የፈለገች እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው።»

ጋሽ መዶሻ መፍቻውን ከቡሎኑ ላይ ሳያነሳ አየኝ።

«አንቺ መኪናው እንዲያልቅ መች ፈለግሽ? 'እኔ ጨረስኩት' ማለት ነው የፈለግሽው። ይኸው እስከዛሬ ስትዪው ሰለቸን። በይ በሩን ቀና አድርገሽ ያዢ፣ ወገቤን ጨረሽው።»